ቦርዱ ያልበላው አሮስቶ

ፕሬበን ጀልባውን በሸጠ ጊዜ በወደብ ከተማዋ በቲርስሆልም ሞኝ የሚባለው ያልሸጠ ሰው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ፕሬበን መስኮት ሥር ወንበር ስቦ ባሕሩን ጥላው እንደሄደች ሚስት ዓይኑን ሳይነቅል ያየው ጀመር። ያኔ ሞኙ ማን እንደነበር ለልጁ ለዳግኒ ገባት።

«አባዬ፣ መስኮቱ እኮ ሊያልቅ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«በዓይንህ ጨረስከው።»

ዳግኒ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟ የአባቷ እናት ስም ነው፤ ከአሮጊቷ ውርስ የደረሳት ስሙና አንዲት የባንክ አክሲዮን ብቻ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረሰች ትምህርት በቃኝ ያለችው ከአባቷ ጋር ባሕር ልትወጣ ነበር። ደብተሯን ዘግታ ቦቲዋን ልታጠልቅ ስትል ጀልባውን ሸጠባት። አሁን በከተማው የስፖርት አዳራሽ ወጥ ቤት ከገርዳ ጋር ድንች ትልጣለች። ገርዳ ክንዷ የቀዛፊ፣ ምላሷ የጉድ የሆነ ሴት ናት፤ ሠርጉም ቀብሩም የኳስ ድግሱም በእሷ ድስት ነው የሚያልፈው።

ጀልባ ተሸጠ ሲባል እንጨቱ አይደለም፤ የማጥመድ መብቱ ነው። መንግሥት ዓሣውን ገና ባሕር ውስጥ እየዋኘ ሳለ ለየጀልባው ከፋፍሎ አደለው። ወዲያው ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ከሰሜን መጡና ድርሻውን በጥሩ ዋጋ ገዙ። እንጨቱን ማንም አልፈለገውም። እስከ ዛሬ ወደቡ ጥግ ታስሮ የወፍ ኩስ ይጠራቀምበታል፤ ፕሬበን በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

ተስፋ የሰጠው ቶርቫል ነው። ቶርቫል ጉልበቱን ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ ነው፤ ከቲርስሆልም አጥማጆች አለመሸጥን የመረጠ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት መረቡን እየጠገነ ፕሬበንን ጠራው።

«መስከረም ላይ ወደ የብስ ልወጣ ነው» አለው። «ጀልባዋን ከነመብቷ ላንተ ብሸጣት ደስ ይለኛል። አንተ ታውቅላታለህ።»

«ስንት ትላለህ?»

ቶርቫል ዋጋውን ጠራ። ፕሬበን ከራሱ ጀልባ ያገኘውን ሁሉ ቢያራግፍ ሲሶው ይጎድለዋል።

«የወዳጅ ዋጋ የለም?»

«ይኼ እኮ ነው የወዳጅ ዋጋ! ሳንቲም በማይጣልበት በዩትላንድ ተወልጄ በነፃ ልስጥህ እንዴ? እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ታንቀኛለች። ግን ቃሌ ነው፣ እስከ መስከረም ለሌላ አልሸጥም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እነ ፕሬበን ቤት ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ የጎደለው ሲሶ ከየት ይምጣ? ዳግኒም ቦቲዋን ከምድር ቤት አውጥታ በራፍ ላይ አስቀመጠችው። ጠባቂ ውሻ ይመስል እዚያ ቀረ።

ያ የበረዶ ክረምት እንግዲህ የዓለም ኢኮኖሚ የተንኮታኮተበት ክረምት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች የቤታቸውን ዕዳ መክፈል አቃታቸው ተባለና ኮፐንሃገን ውስጥ አክሲዮን ወደቀ። ዳግኒ ይህን ነገር ብዙ ሰው አስረድቷታል፤ አንዱም አልገባትም፣ ያስረዷትም የገባቸው አይመስላትም። ፕሬበን ግን ጋዜጣውን ከኋላ፣ ከአክሲዮን ዋጋው ገጽ ማንበብ ጀመረ።

«ስሚ» አላት። «ጀልባ ሁሉ ፈርቶ ወደ ወደብ ሲመለስ ዓሣውን የሚያገኘው ያልተመለሰው ነው። አሁን ሰው ፈርቶ እየሸጠ ነው። ደህናው ከበሰበሰው ጋር አብሮ ረክሷል። የእኛ ሥራ ደህናውን ለቅሞ ማውጣት ነው።»

«ያልተመለሰው ጀልባ እኮ አንዳንዴ እንዳልተመለሰ ይቀራል፣ አባዬ።»

«አፍሽን ዝጊና መኪና ውስጥ ግቢ።»

እነዚያ ሳምንታት ለዳግኒ ከሁሉ የጣሙ ሳምንታት ነበሩ። ፕሬበን የኩባንያ ሪፖርት ማንበብ አይሆንለትም፤ ዓይኑን ግን በቀላሉ የሚሸውደው የለም። መጀመሪያ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ከሚሠራ ፋብሪካ በር ላይ ቆሙና ጥቁር ዳቦ በጉበት እየበሉ ሠራተኛ ሲገባ ሲወጣ አዩ። የመኪና ማቆሚያው ግማሹ ባዶ ነው። «አይሆንም» አለ ፕሬበን። ቀጥሎ የመርከብ ኩባንያ ነበር፤ ትልቁ ወደብ ድረስ ነዱ። መርከቦቹ ከውሃው ከፍ ብለው ቀይ ሆዳቸውን አስጥተው ቆመዋል።

«ሸክም ያለበት መርከብ እንዲህ ሆዱን አያሳይም» አለ ፕሬበን። «ባዶ ናቸው። መኪናውን ንጂው አልልሽም እንጂ እንሂድ።»

«መንጃ ፈቃድ የለኝም።»

«ለዚያ እኮ ነው የማልልሽ።»

ሦስተኛው ሆርን የሚባለው የቢራ ፋብሪካ ነበር። ለዚህስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም፤ ዳግኒ ገርዳን ጠየቀቻት።

«ሰው ቸገረኝ እያለ ነው አይደል? ቢራ ቀነሰ?»

«የቀነሱትማ ምግብ ቤት መሄድ ነው!» አለች ገርዳ። «ሆርንን አንዱን ሣጥን አራግፌ ሳልጨርስ ሌላው ያልቅብኛል። ችግር ያስጠማል፣ ልጄ። ሥራ ያለው ቅዳሜ ይጠጣል፤ ሥራ የሌለው ማክሰኞም ይጠጣል።»

ዳግኒ ይህን ይዛ ቤት ስትገባ ፕሬበን ጠረጴዛውን በመዳፉ ደበደበው። «አገኘናት!» የሆርን አክሲዮን ከሌላው ጋር አብሮ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ጠርሙሱ ግን ከማንም ጠረጴዛ አልወረደም። ያን ዕለት ፕሬበን ጢሙን ተላጨ። ወንበሩንም ከመስኮቱ ሥር አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው። ሰኞ ሊገዙ ተስማሙ።

ከሰኞ በፊት ግን ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ ደግሞ የቲርስሆልም ባንክ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር።

ጠቅላላ ጉባኤ ሲሉት ስብሰባ ሊመስል ይችላል። ራት ነው። አንድ አክሲዮን ያለው አንድ ሳህን ይደርሰዋል፤ አንድ ሺህ ያለውም ያው አንድ ሳህን። ስለዚህ በከተማው አክሲዮን የሌለው የለም፤ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እምነቱን ያጸና ዕለት አያቶች የሚሰጡት ስጦታ እንኳ የባንኩ አክሲዮን ነው። ሪፖርቱን ማንም አያነበውም። ሰው የሚያነበው ሳህኑን ነው። የአሳማ ጥብስ ከነቆዳው ከቀረበ ባንኩ ደህና ከርሟል ማለት ነው። ዶሮ ከሆነ ትርፉ ሳስቷል። አንድ ዓመት ቋሊማ ቀርቦ ነበር አሉ፤ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ የልጆቻቸውን ዕድሜ በእሱ ይቆጥራሉ፤ «የኛው የተወለደው በቋሊማው ዓመት ነው» እያሉ።

ዘንድሮ የታዘዘው ከሁሉም የሚበልጠው የበሬ አሮስቶ ነው።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ላውሪትስ በእግሩ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ቀይ ክራቫት አስሯል፤ ፊቱ ግን ዳግኒ እጅ ላይ ያለውን የተላጠ ድንች መስሏል።

«ገርዳ፣ ሥጋው ወፈር ተደርጎ ይቆረጥ።»

«ወፈር? አምና አንዷን ዶሮ ለአራት አድርሺ ያልከኝ ሰውዬ አይደለህም?»

«ዘንድሮ ወፈር ይበል። ስጎውም አይቆጠብ።»

«ሎተሪ ወጥቶልሃል እንዴ?» አለች ዳግኒ።

ላውሪትስ ሳቀ። ክራቫቱን ላላ አድርጎ ሄደ።

አዳራሹ ጢም አለ። ፕሬበን የሠርግ ኮቱን ለብሶ ከቶርቫል ጎን ተቀምጧል። ትሪዎቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ «ኦህ!» አለ። ቶርቫል የደረሰውን ቁራጭ በሹካ አንሥቶ ውፍረቱን በአውራ ጣቱ ለካው።

«ይኼን እያየ ነው ሰው ቀውስ መጣ የሚለው?» አለ። «ቀውሱ በዚህ በኩል ከመጣ እኔ አልጠላውም።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ፕሬበን ሳህኑን በድንች ጠርጎ ጨረሰ። ቲርስሆልም ውስጥ ሳህን ላይ ምግብ መተው ማለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማፏጨት ማለት ነው።

ሳህን መሰብሰብ የዳግኒ ሥራ ነው። ከአዳራሹ የምታመጣው ሳህን ሁሉ የታጠበ ይመስላል። መጨረሻ ላይ መድረኩ ላይ ወዳለው የባንኩ ቦርድ አባላት ጠረጴዛ ወጣች። ሥጋው እንዳለ አለ። ስጎው ረግቶ ሽፋን አውጥቷል። አንዱ ድንቹን በሹካ ቀጥቅጦ ገንፎ አድርጎታል፤ አንዱ ቁራጩን አሥር ቦታ ከትፎ ከጎመኑ ሥር ቀብሮታል። የላውሪትስ ሳህን ላይ ሹካና ቢላው እንደተቀመጡ ናቸው፤ አልተነሡም።

ሳህኖቹን ወጥ ቤት ስታስገባ ገርዳ ደነገጠች። «ጨው በዝቶበታል? ጠንክሯል? ንገሪኝ!»

ዳግኒ ከላውሪትስ ሳህን አንድ ጉማጅ ቆርጣ አፏ ውስጥ ከተተች። ሁለተኛም ደገመች። «ከዚህ በላይ አይጣፍጥም። ቦርድ በሙሉ ባንድ ቀን ሆዱን ያመዋል እንዴ?»

«ንግግር ያለው ሰው አይበላም።»

«አምናስ ንግግር አልነበራቸውም? የዶሮውን አጥንት ሲግጡ እኮ እኔው ነበርኩ የሰበሰብኩት።»

ገርዳ ወደ ድስቶቿ ዞረች። የላውሪትስን ሥጋ ዳግኒ ጨረሰችው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጣልም። እየጣፈጣት ነው የጨረሰችው፤ ዓይኗ ግን ካልተነኩት ሳህኖች አልተነቀለም።

ትሪ ይዛ ወጣች። አዳራሹ መዝሙር ላይ ነው፤ ከንግግር በፊት ሁሌም ይዘመራል። በወንበሮቹ መሐል ተሽሎክልካ አባቷ ጆሮ ደረሰች።

«አባዬ፣ አልበሉም።»

«እ?»

«ቦርዱ። ሥጋውን አልነኩትም።»

«ሽሽ! ዘምሪ።»

ከዚያ ላውሪትስ ተነሣ። የባንካችን አክሲዮን ዋጋ ወርዷል፣ እኛ ግን አልወረድንም አለ። ገበያው የፈራው ኮፐንሃገንን ነው፣ ቲርስሆልምን የት ያውቃትና አለ። አዲስ አክሲዮን እያወጣን ነው፣ ከባዕድ በፊት ለገዛ ሰዋችን በርካሽ እናቅርብ ብለናል አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ዓሣችንን ከሰሜን መጥተው ወሰዱት። ባንካችንንስ ማን ይውሰደው?» አለ።

ሰው ሁሉ የሸጠውን አሰበ።

«ማንም!» ብሎ ከኋላ አንዱ ጮኸ።

«ከእኛ ጋር ያለ እስኪ እጁን ያሳየን!»

ቶርቫል አወጣ። ጋጋሪው አወጣ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አወጣ። ዳግኒ ትሪዋን ታቅፋ መሐል ወለሉ ላይ እንደቆመች የአባቷን እጅ አየች፤ መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ ነበር፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያ ያ ገመድ ያጠነከረው ትልቅ መዳፍ ከሰው እጅ ሁሉ በላይ ተሰቀለ። በዚያ ከተማ ሰው እያየህ የወጣ እጅ ተመልሶ አይወርድም።

እሑድን ሙሉ ለመነችው።

«ቢራውስ? ቢራውን ራስህ አይደለህም ያገኘኸው?»

«ሆርን ማን እንደሆነ አላውቅም። ላውሪትስን ግን አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል ነው የተማርነው።»

«ጫማህን ሽንት ቤት ውስጥ የደበቀብህ እሱ አይደል?»

«ልጅ ነበር።»

«አባዬ፣ ላውሪትስ ራሱ ወፈር ይበል ብሎ ያዘዘውን ሥጋ አልበሉትም እያልኩህ ነው። ሰው የሚፈራ ከሆነ አይውጥለትም። አንተ ጀልባውን ልትሸጥ ስትል ስንት ቀን ጾምክ?»

ፕሬበን የተላጨ አገጩን ዳበሰ። ለአንድ አፍታ የገባው መሰላት። ከዚያ ፈገግ አለ፤ «እንዲህ ዓይነት አሮስቶ የሚያበላ ባንክ ሊሞት ነው? አንቺ ደግሞ! የሚሞት ባንክ ቋሊማ ነው የሚያቀርበው።»

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የፕሬበን ጣት አንዱን ፊደል ሲነካ ሁለት ስለሚጽፍ የምትጽፈው ሁልጊዜ ዳግኒ ናት። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ወንበሯን ይዟል።

«ሁሉንም?» አለችው።

«መረብ በግማሽ አይጣልም።»

የሆርንን ስም ጻፈች።

«ዳግኒ።»

«ተሳስቼ ነው።»

«አልተሳሳትሽም። አጥፊው።»

አጠፋችው። የባንኩን ስም ጻፈች። ዘወር ብላ አየችው፤ የተላጨ ፊቱ፣ ያ የጠፋው ፈገግታው። እንቢ ብትል ገርዳ ትጽፍለታለች፤ ገርዳ እንቢ ብትል ባንኩ በር ላይ ቁጭ ብሎ እስኪከፈት ይጠብቃል። የግዢውን ቁልፍ ተጫነችው። የወሰደው አንድ ጣት ነው፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

በረዶው ቀልጦ በጋው መጣ፤ የባንኩ አክሲዮን እየዋለ እያደረ ወረደ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ እንደሚባለው አንድ ቀን ብድግ ይላል፣ ሁለት ቀን ይሰምጣል። ብድግ ባለ ቀን ፕሬበን ያፏጫል። በሰመጠ ቀን «ማዕበል ነው» ይላል። ዳግኒ እንሽጥ ስትለው፣ «አሁን ከሸጥኩማ ከሰርኩ፤ ካልሸጥኩ ግን ገና አልከሰርኩም» አላት። የሚያሳዝነው ነገሩ ትክክል ይመስላል።

ነሐሴ ላይ አንድ ዓርብ አመሻሹን ሬዲዮው ተናገረ። የቲርስሆልም ባንክ በራሱ መቆም ስላቃተው መንግሥት ተረክቦታል። ሕዝቡ አይደናገጥ፤ ባንኩ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ሁሉ አንድ ክሮነር ሳይጎድል አለ። የባንኩ አክሲዮን ግን ከእንግዲህ ምንም ዋጋ የለውም።

ገርዳ ወዲያው ደወለች። «ዳኑ! የቁጠባ ገንዘብ በሙሉ ድኗል! እናንተስ?»

«እኛ ቁጠባ የለንም» አለች ዳግኒ።

ፕሬበን ሬዲዮውን አጠፋው። «ዝም ብዬ እዚያው ባንክ ሒሳቤ ውስጥ ትቼው ቢሆን...» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እዚያው ባንክ? ያው ላውሪትስ ጋ?»

«አዎ።»

«ይድን ነበር?»

ዳግኒ ተነሥታ ድንች መላጥ ጀመረች፤ ራት ግን ማንም አልጠየቃትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና በማግስቱ የኮፐንሃገን ጋዜጦች ባንኩ ገና ዱሮ እንደታመመ ያውቁ እንደነበር ጻፉ። ዳግኒ ጋዜጣውን ለዓሣ መጠቅለያ እንኳ አልፈለገችውም። ወደ ቶርቫል ሄደች። ያገኘችው ጀልባው ላይ ነው፤ ያው መረብ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቷል፣ እጁ ግን አይሠራም።

«ቶርቫል፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ቆይልን። እኔም እሠራለሁ። አዳራሹ አለ፣ ዓሣ ፋብሪካውም ይቀጥረኛል...»

«ልጄ፣ እኔም እጄን አውጥቻለሁ እኮ።»

«ብዙ ነው?»

«ለጉልበቴ ማሳከሚያ ያልኳት ገንዘብ ነበረች። ለእርጅናዬ ያልኳት ነበረች።» ቀና ብሎ አላያትም። «ቃል ሰጥቼው ነበር። ከሰሜን የመጡት ደግሞ ትናንት ደወሉልኝ። እናቴ ተነሥታ ብትገለኝም ሌላ መንገድ የለኝም።»

ዳግኒ የሚሰደብ ሰው ፈለገች። ላውሪትስን ለማግኘት ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስድብ አዘጋጅታ ነበር፤ ከንፈሯን እስክታቃጥላት የተሳለች ስድብ ነበረቻት፣ ጫማውም ሽንት ቤቱም አሮስቶውም ያለበት። ኋላ በገበያ አዳራሹ ወረፋ ላይ ፊት ለፊት ገጠሙ። ክራቫት የለውም። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው በበረዶ የደረቀ ያንድ ሰው ምሳ ነው። ከፊቱም ከኋላውም የቆመው ሰው አንድ አንድ እርምጃ ርቆታል።

«አባትሽ እንዴት ነው?» አላት፤ ቅርጫቱን እያየ።

ዳግኒ አፏን ከፈተች።

«ደህና ነው» አለች።

ከፍላ ወጣች። ውጭ ከቆመች በኋላ ስድቡ ሁሉ ተራ በተራ መጣላት። ለማን ትንገረው? ከሱቁ በር የታሰረ ውሻ ነበር፤ ለእሱም አልነገረችውም።

መስከረም ሲገባ የባንኩ የመጨረሻ ስብሰባ ተጠራ። ገርዳ ጠረጴዛዎቹ ላይ የውሃ ጆግ ብቻ ደረደረች፤ ሌላ የታዘዘ የለም። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው በየቦታቸው ተቀመጡ። አንዳንዱ እጁን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ ሹካ ይፈልጋል። ከኮፐንሃገን የመጣ ጠበቃ ረጅም ነገር አነበበ፤ ዳግኒ ውሃ እየቀዳች ዞረች። አባቷ ጋ ስትደርስ ብርጭቆውን አነሣላት።

«ወፈር አድርገሽ ቅጂልኝ» አላት።

የሳቀ አልነበረም። እሷ ግን እንዳታለቅስ ሳቀች፤ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችለት፣ በዛና ኮቱ ላይ ፈሰሰ። አልተቆጣትም። በእጅጌው ጠረገው።

የቶርቫል ጀልባ የተወሰደችው በዚያው ሳምንት ነው፤ ጠዋት፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት። ሁለት ጎረምሶች ከሰሜን መጥተው ሞተሩን አስነሡ። ቶርቫል ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ገመዱን ለመፍታት ማጎንበስ አልቻለም።

«እኔ ልፍታልህ» አለ ፕሬበን።

ዳግኒ ከአዳራሹ እየሮጠች፣ ሽርጧን ሳትፈታ ደረሰች። አባቷ ተንበርክኮ ቋጠሮውን ሲፈታ አየች። ጀልባዋ ስትሳብ ገመዱ ተወጠረ፤ ለአንድ አፍታ አልለቀቀውም። ክንዱ ተዘረጋ፣ ትከሻው ተሳበ፣ ጫማው ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ደረሰ።

«ሽማግሌው፣ ልቀቅ እንጂ!» አለው አንዱ ጎረምሳ።

ፕሬበን ገመዱን አላላው። ከዚያ ጫፉን ሰብስቦ አሳምሮ ጠቀለለና ወረወረለት፤ ጎረምሳው አየር ላይ ቀለበው፤ ጥሩ ውርወራ ነበር። «አመሰግናለሁ!» አለ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰሜን አዞረች።

ማታ ፕሬበን ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሥር መልሶ ቁጭ አለ። ዳግኒ ከገርዳ ያመጣችውን አንድ ጠርሙስ ሆርን ከፍታ ሰጠችው። ጋዜጣው ጉልበቱ ላይ አለ፤ አሁንም ከኋላ ነው የሚያነበው። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ሆርን ካየነው ጊዜ ወዲህ በእጥፍ ወጥቷል» አለ።

«አይቻለሁ።»

«ሰው ሲቸግረው ይጠጣል ብዬሽ አልነበር?» ዓይኑ ውስጥ እንደ ኩራት ያለ ነገር ብልጭ አለ። «ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ብለኸኛል፣ አባዬ» አለች ዳግኒ።

ጠርሙሱን ጎንጨት አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷም በራፍ ላይ የቆመውን ቦቲ አንሥታ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ከነበረበት መልሳ ማስቀመጥ ግን ስላልሆነላት ደረጃው ላይ ታቅፋው ቆመች።